ከውስጥ የሚያጓራ፣ ከውጭ ዝም የሚል ጄኔሬተር

ታደገ ሚስቱን የምስራችን አፓርታማቸው ውስጥ አንድም ቀን መትቷት አያውቅም። ይህን እንደ ውለታ እንዳትቆጥሩለት። አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል ያለው አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ያሰኛል። እዚያ እጁን ቢያነሳ ፖሊስ በሩ ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ታደገ ቁጡ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ስለዚህ የሚመታት ሞተርሆሙ ውስጥ ነው።

ሞተርሆሙ ረጅም ነጭ መኪና ነው፤ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ መታጠቢያውም እዚያው ውስጥ አለ። በሰመር ባልና ሚስቱ የእግር ኳስ ውድድርና ንግሥ ወዳለበት ከተማ ሁሉ እየዞሩ የሀበሻ ልብስ ይሸጡበታል። ኤሌክትሪክ የሌለበት ቦታ ሲያድሩ ከኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር አለላቸው። አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። አጠገባቸው ያረፉ ሰዎች ፊታቸውን እያጨማደዱ ወንበራቸውን ራቅ ያደርጋሉ። ታደገ ሲናደድ መጀመሪያ መስኮቶቹን ይዘጋል፤ መጋረጃውን ይስባል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስነሻ በአገጩ እያመለከተ፣ በረጋ ድምፅ፣ «አስነሺው» ይላታል።

አዎ፣ የምታስነሳው ራሷ ናት። እንዲህ ያለውን ጭካኔ ከየት እንደሚማሩት እግዜር ይወቀው። የምስራች ማስነሻውን ስትጫን ወለሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ቡጢ ጎኗ ላይ ያርፋል። ፊቷን አይነካም። ከአንገት በታች፣ ከጉልበት በላይ፤ ልብስ የሚሸፍነውን ብቻ ነው። ስትጮህ ጩኸቷን ጄኔሬተሩ ይውጠዋል፤ በኋላ በኋላ መጮኹንም ተወችው።

የምስራችን ያያት ሰው የምትደበደብ ሴት ናት አይልም። የምትደበደብ ሴት መልኳ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ይንገረኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዲቪ ደርሷት አትላንታ ስትገባ አንድም ዘመድ አልነበራትም። ከከተማው ወጣ ብሎ ዱሉዝ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን በማሸግ ጀምራ ዛሬ ከባድ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ትነዳለች፤ ስትመጣ ወንዶቹ መንገድ ይለቁላታል። ታደገን ያገኘችው ቤተክርስቲያን ነው። ወንበር የሚያነሳ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው። ሰው ፊት ያለው ታደገ የማስመሰል አልነበረም፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው።

ፖሊስ ለመጥራት ሞክራ ነበር። ሌላ ስቴት ሳሉ ስልኳን ስታነሳ አያትና ስልኩን ከነጣቷ ጨምድዶ ከምድጃው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ስልኩም ጣቷም ተሰበረ። ለሐኪሙ የመኪና በር ተዘጋብኝ አለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይሻላል ብላ ወደ ጋሼ ስምዖን ሄደች።

ጋሼ ስምዖን እዚያው አትላንታ ዳር ስማይርና የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ማለት ይቻላል። ታደገን የሚያውቁት ከስደት ነው። ሱዳን ሳሉ በወባ ሊሞቱ ሲሉ ታደገ በጀርባው አዝሎ ነው ክሊኒክ ያደረሳቸው፤ ይህን በየሰርጉና በየክርስትናው ሳያነሱ አይውሉም። ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሳሎናቸው ተቀመጡ። የምስራች የሆነባትን ተናገረች። ታደገ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ እንባው ቅርብ ነው።

«ልጄ፣ ይመታኛል ካልሽ የሰማ ጎረቤት አለ?» አሏት ጋሼ ስምዖን።

«የለም። ጄኔሬተሩ ይጮኻል።»

«አፓርታማው ውስጥስ?»

«እዚያ አይመታኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ቁጣ የያዘው ሰው ቦታ ይመርጣል እንዴ? ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንብንም?» አለ አንደኛው።

«ልብሴን ልግለጥና ጎኔን ይዩት?»

ሦስቱም ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ። ነውር ነዋ። የተመታ ጎን ማየት ነውር፣ መምታት ግን የቤት ገመና ነው። ተመካክረው ፈረዱ። ታደገ ቢቆጣም እንዲታገስ፣ የምስራች ደግሞ የባሏን ስም በማጥፋቷ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተባለ። «ከእንግዲህ ጣቱን ቢያነሳብሽ እኔን ጠይቂኝ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ስምዖን። ዋስ በእኛ ዘንድ እንዲሁ የሚወረወር ቃል አይደለም፤ ያኛው ሲያጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው። የምስራች ጎንበስ ብላ የባሏን ጉልበት ሳመች። ታደገ በሁለት እጁ አነሳትና ግንባሯን ሳማት።

ብዙም ሳይቆይ ለንግድ ቴነሲ ወጡ። ሞተርሆም የሚያርፍበት ካምፕ እንደደረሱ ታደገ መስኮቶቹን ዘጋና «አስነሺው» አላት። ያን ቀን የያዘው የውሃ መሙያውን ጎማ ነበር። ጀርባዋን ሲገርፋት፣ ስትወድቅ ሲረግጣት፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲደክመው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ሂጂ፣ ለሽማግሌዎችሽ ንገሪያቸው» አለ። የጎን አጥንቷ ተሰንጥቆ ኖሮ ለሳምንታት ፎርክሊፍቱ ላይ ስትወጣ ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

ነገረቻቸው እንጂ። ደውላ ነገረቻቸው። ጋሼ ስምዖን ግን፣ «ልጄ፣ በዕርቅ ያለፈ ነገር መልሶ አይቆፈርም። ቻል አድርጊው፤ ዝም አይነቅዝም» አሏት። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ጎኑ ተሰንጥቆ አያውቅም።

ትታው መሄድ አቅቷት አልነበረም። ደመወዝ አላት፣ መኪና አላት። ያቃታት ውሸታም ተብላ መሄድ ነው። ብትለየው ቤተክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ የሚንሾካሾኩት፣ ጋሼ ስምዖን ራሳቸውን የሚነቀንቁት፣ ያን ደግ ሰው ስሙን አጥፍታ በተነችው ተብሎ የሚወራው ታያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዋሱ በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙ።

ዘንድሮ ሰመር ሳይገባ አሮጌው ጄኔሬተር ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሞተ። ታደገ «ናፍጣ ይሁን፣ ሁለቱንም ኤሲ የሚችል ይሁን» ብሎ ጣጣውን ለእሷ ጣለው። ከመኪናው ውጭ ያለው ሥራ ድሮም የእሷ ነው፤ እሱ ይነዳል፣ ሲደርሱ ጋደም ይላል፣ እሷ ሸራውን ትዘረጋለች፣ ቱቦውን ትቀጥላለች፣ ናፍጣውን ታያለች። ከመጋዘኗ ብዙም ሳይርቅ ሕዝቅያስ የሚባል ሀበሻ የሞተርሆም ጄኔሬተር ይሸጣል፣ ይገጥማል። ወደ እሱ ሄደች።

«ሦስት ዓይነት አለኝ» አላት ሕዝቅያስ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይሄኛው በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ሞተሩ በጣም ፈጥኖ ነው የሚዞረው። ዋጋው ቺፕ ነው፣ ግን ኦነስትሊ ጩኸቱ ያሳብዳል። የሞተብሽ የዚህ ወንድም ነው። ይሄኛው ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ናፍጣም አይፈጅም። ሳጥኑ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፣ እግሩ ጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከውስጥም ከውጭም ሳይለንት ነው። እኔ እሱን ነው ሪኮመንድ የማደርግልሽ።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱን ተዪው። ሞተሩ አሪፍ ነው፣ ሳጥኑም ድምፅ አያስወጣም። ግን እግሩ ጎማ የለውም፣ በቀጥታ ከመኪናው አጥንት፣ ከሻሲው ጋር ነው የሚታሰረው። ከውጭ አይሰማሽም፤ ከውስጥ ግን ወለሉ ሁሉ ያጓራል። ያ ግቢው ውስጥ የቆመው ሞተርሆም እሱን አስገጥሞ ነበር፤ መተኛት አልቻልንም ብለው ሪተርን እያደረጉት ነው።»

የምስራች መኪናውን አየችው። «እስቲ አስነሳልኝ» አለች።

ገብታ በሩን ዘጋች። መስኮቶቹን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፤ እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ከአልጋው ሥር ማጓራቱ ጀመረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ የሚመታት ሰው እንደሌለ እያወቀች ክንዷን ጎኗ ላይ አጥብቃ ቆመች። ከዚያ በተራ ድምፅ፣ «ሽንኩርቱ አረረብኝ፣ ይቅርታ» አለች። የቁምሳጥኑን በር በቡጢ መታችና ወጣች።

«ምን ሰማህ?»

«ሽንኩርቱ አረረብኝ አልሽ። ይቅርታ አልሽ» አለ ሕዝቅያስ ፈገግ ብሎ። «ከዚያ የሆነ ነገር መታሽ።»

«አሁን እሱን አጥፋና ያንን ርካሹን እዚሁ አጠገቡ አስነሳው።»

እየሳቀ በጋሪ ገፍቶ አመጣው። ሲነሳ ግቢው ሁሉ ተናወጠ። የምስራች ተመልሳ ገባች፤ በዚህ ጊዜ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። ወጥታ ስትጠይቀው ሕዝቅያስ ጆሮውን እያሻሸ፣ «ምንም። ተናገርሽ እንዴ?» አላት።

«ጮህኩ።»

ሕዝቅያስ ሞተሩን አጠፋው። ፊቷን አየ፣ ጎኗን የያዘውን ክንዷን አየ፣ ፈገግታው ረገፈ። «እህቴ፣ ኦኬ ነሽ? ለሰው ልደውልልሽ?»

«ሦስተኛውን ግጠምልኝ።»

«እንግዲያው እግሩ ላይ ጎማ ልሥራለት፤ ከውስጥ እንዳያጓራ።»

«እንዳትነካው። ማጓራቱን ነው የምፈልገው» አለችው።

ሌላ አልጠየቃትም። ገጠመው፤ ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ በገዛ ዓይኗ አየች። ታደገ ወደ ቤት ሲመለስ ሞተርሆሙ ውስጥ ገብቶ አስነሳውና አልጋው ላይ ጋደም አለ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ፣ የድስት ክዳን ሲንጫጫ አዳምጦ፣ «ይሄም ያው ወፍጮ ነው» አለ። ቅር ያለው አይመስልም ነበር። ወጥቶ ከውጭ ያዳምጠው ይሆን ብላ በሩን እያየች ጠበቀች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ቅዳሜ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ያለ ካምፕ ያዘች፤ ኤሌክትሪክ የሌለውን ቦታ መርጣ ነው። ለጋሼ ስምዖን ደውላ ለምሳ ጠራቻቸው። «ታደገ ጋደም ብሎ ይሆናል፤ ሳያንኳኩ ሸራው ሥር አረፍ ይበሉ፣ እኔ እወጣለሁ» አለቻቸው። ለታደገ ግን ሽማግሌው የሚመጡት አመሻሽ ላይ ነው አለችው። ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር። አውቃ ገባችበት ብሎ የሚፈርድባት ካለ ይፍረድባት። እስከዚያ ቀን ሳታውቅ የገባችበት ጊዜ አልነበረም፤ ልዩነቱ ይህኛውን ራሷ መምረጧ ነው።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከምድጃው በላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ስትመለከት የጋሼ ስምዖን ልጅ አባቱን አውርዶ ሲሄድ አየች። ሽማግሌው በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ሸራው ሥር ተቀመጡ። መስኮቷን ዘጋቻት። ታደገ ከኋላ፣ ከአልጋው ላይ ተነስቶ መጣ።

«ምን ልትነግሪው ነው የጠራሽው?» አላት።

«ምንም። እራት ነው።»

መጋረጃዎቹ በሙቀቱ ምክንያት አስቀድመው ተስበዋል። ታደገ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። «ከመምጣቱ በፊት አፍሽን ላስተካክልልሽ። አስነሺው።»

ተጫነችው። ወለሉ አጓራ። የመጀመሪያው ምት እዚያው አምና የተሰነጠቀው ጎኗ ላይ አረፈና ትንፋሿ ተቆረጠ። ሁለተኛው ሆዷ ላይ ነበር። ፀጉሯን ይዞ ትከሻዋን ከቁምሳጥኑ ጋር ሲያጋጨው ሳህኖቹ ረግፈው ተሰበሩ። «ስምዖን ዋስነቱ ለእኔ ነው» ይላታል፤ ጄኔሬተሩን በልጦ ለመሰማት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በጀርባዬ ያዘልኩት ሽማግሌ ነው። ሲያየኝ ነፍሱን ነው የሚያየው። ለአንቺ ማን አለሽ?»

የምስራች በሩ እስኪንኳኳ ጠበቀች። አልተንኳኳም። ወደቀች፤ በጫማው ጭኗን ረገጣት፣ አሁንም አልተንኳኳም። ሕዝቅያስ ዋሽቶኝ ይሆን? ወይስ ሽማግሌው ሰምተው ዝም አሉ? ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ወለሉ ላይ ተኝታ አሰበች። ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ከጫማውም ይብሳል። ይህን ስታስብ ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ፤ ታደገም አያት።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን መታት።

አፏ ደም ሞላ። ያኔ በእሷ ውስጥ ጥበቃው አለቀ። ሁለተኛ ሲሰነዝር እጁን በጥርሷ ያዘችው፤ አጥንቱ እስኪሰማት ነከሰችው። ታደገ ጮኸ። ተነስታ በትከሻዋ ደረቱን ገፋችው፤ የመጋዘን ትከሻ ነው፣ ምድጃው ላይ ሄዶ ወደቀ። በሩን ከፍታ ደረጃውን በጉልበቷ ወረደች።

ውጭ ጸጥታ ነበር። ጄኔሬተሩ ከፍሪጅ የበለጠ አይጮህም። ከጎረቤት ሞተርሆም የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት ውሻዋን እንደያዘች ስልኳ ላይ ለፖሊስ አድራሻ እየነገረች ነው። ጋሼ ስምዖን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ።

ታደገ የተነከሰ እጁን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሽማግሌውን አየ። ከዚያ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ፤ ወፎቹን፣ የሴትዮዋን ስልክ፣ የውሻውን ትንፋሽ። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ጄኔሬተሩ ሳጥን ሄደ።

«ጋሼ፣ መቼ መጡ?» አለ።

ጋሼ ስምዖን ቀና አላሉም። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበርኩ» አሉ።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ አንዱ ታደገን ወደ መኪና ወሰደው፤ ሌላዋ ወደ ሽማግሌው መጣች። የሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ስምዖን እንግሊዝኛ አይችሉም። በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ተፈለገ፣ ይጠብቁ ተባለ። የምስራች ጥጥ አፏ ላይ እንደያዘች፣ «እኔ እተረጉማለሁ» አለች። ፖሊሷ አንቺ የተጎዳሽው ነሽ፣ ግድ የለም፣ እረፊ አለቻት። የምስራች ጥጡን ጣለችው። «እኔ እተረጉማለሁ።»

ሽማግሌው ጀመሩ፤ እሷ እየተከተለች በእንግሊዝኛ ተናገረች። «‹አስነሺው› ሲላት ሰማሁ። ሲመታት ሰማሁ፤ ምቱን ከሳህኑ ድምፅ ለይቼ ነው የሰማሁት። ‹ስምዖን ዋስነቱ ለእኔ ነው› ሲላት ሰማሁ። ‹ለአንቺ ማን አለሽ› ሲላት ሰማሁ።» ድምፅዋ አልተሰበረም። በመጋዘን ውስጥ የዕቃ ዓይነት እንደምትጠራ አድርጋ አንድ በአንድ ጠራችው።

ጋሼ ስምዖን ቆም አሉ። ከዚያ ፊቷን፣ ያበጠውን ከንፈሯን እያዩ፣ «በመጀመሪያው ምት መነሳት ነበረብኝ» አሉ። «ዋስ ነኝ ብዬ ነበር፤ በሩ ከዚህ እስከዚያ ነው። አዝሎኛል ብዬ፣ ይበርድለት ይሆናል ብዬ፣ ያንቺን ቃል ውሸት ብያለሁና አሁን ብነሳ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ሲመታሽ እየሰማሁ ተቀመጥኩ።»

ፖሊሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች። «ምን አሉ?» አለች።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይህችን እንኳ ትተውልኛለች ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ እንዲህ ያለውን መሸፈን የለመደ ቤት ነውና። የምስራች በአፏ የሞላውን ደም ወደ ጎን ተፍታ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው።